ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣችበት የጥቅምት ቀን፣ ከደብረ ወርቅ አካባቢ የመጡ አንዲት የእናቴ ዘመድ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንዳንቺ ያለች ብርቱ አራስ አላየሁም፤ ማርያም ጠብቃሻለች» አሉኝ። ያን ዕለት ከሌሊት ጀምሬ ቆሜ ነበር የዋልኩት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ ስቀበልና ሳህን ሳነሣ፣ እናቴ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አረፍ በይ» እያለች ስትቆጣኝ እንኳ መቀመጥ እያቃተኝ ከጓዳ ወደ ሳሎን ስመላለስ መሸ። ቁጭ ባልኩበት ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌን ያልበኛል፣ ልጅቷ ተኝታ ሳለች እኔ ጣሪያ እያየሁ ይነጋል፤ ገንፎውን በቅቤ እየበላሁም ልብሴ ከቀን ወደ ቀን ሰፋኝ። ይህን ያየ ሁሉ ያመሰግን ነበር እንጂ የተጨነቀ አልነበረም።

ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሴትየዋ በቅንነት የተናገሩት ነውና አልቀየምኩባቸውም። ነገር ግን ያደነቁት ብርታት የበሽታዬ የመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ ነበር በኋላ ስረዳ፣ በእኛ አገር የወለደች ሴት ሕመሟ የሚሰወረው ቸል ስለተባለች ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓይን እያያትም ጭምር መሆኑን ማሰላሰል ጀመርኩ።

ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ ዕጢ መቆጣት ይሉታል፤ ታይሮይድ በአንገት ፊት ያለ፣ በሆርሞኑ የሰውነትን ሥራ ፍጥነት የሚወስን ዕጢ ነው። በእርግዝና ወራት የእናት የመከላከያ ኃይል ፅንሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃ ረገብ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ ተመልሶ ሲነሣ ግን በአንዳንድ ሴቶች ላይ የገዛ ራሳቸውን ዕጢ ያጠቃል። የተጎዳው ዕጢ አስቀድሞ ሠርቶ ያከማቸው ሆርሞን በብዛት ወደ ደም ስለሚፈስስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ወር ባለው ጊዜ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውነት ይከሳል። ክምችቱ ካለቀ በኋላ ዕጢው አዲስ ሆርሞን በበቂ መጠን ማምረት ስለማይችል፣ በአብዛኛው ከ4ኛው እስከ 8ኛው ወር ሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል፤ የሰውነት ሥራ ሁሉ ይዘገያል። ሁለቱንም የምታልፍ ሴት አለች፣ አንዱን ብቻ የምታይም አለች። ከ20 ወላዶች አንዷን ገደማ የሚያገኝ ሕመም ስለሆነ እንግዳ ነገር ነው ሊባል አይችልም።

ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረው

ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀን ፈቃድ አልቆ ወደ ማስተማር ሥራዬ የተመለስኩት በኅዳር ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ እንደመጣ፣ ሳይታወቅ ሄደ። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ትልቅ ሥራ ሆነብኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሣም ያልተኛሁ ያህል እደክማለሁ። በረደኝ ስል፣ ደብረ ማርቆስ በኅዳርና በታኅሣሥ ከጮቄ በሚወርደው ነፋስ ማንንም የምታንቀጠቅጥ ከተማ ናትና የገረመው ሰው አልነበረም። ፀጉሬ በማበጠሪያው ተጠቅልሎ ሲወጣ «የወለደች ሴት ፀጉሯ ይረግፋል» ተባልኩ። ሆዴ ሲደርቅ ተልባ ተመታልኝ። ወተቴ ሲቀንስ አብሽና አጥሚት ተጨመረልኝ። ፊቴ ሲነፋ «አራስነቱ ተስማማት» ተባለ። የተማሪዎቼ ስም እየጠፋኝ በክፍል ውስጥ መቆም ስጀምር ባልደረቦቼ የእንቅልፍ እጦት ነው አሉ። ምክንያቱን ሳላውቅ ማልቀስ ሳበዛ ደግሞ አንዷ ዓይን ነው አለች፣ ሌላዋ ምች ነው አለች፤ አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ ደም ማነስ ነው ብሎ የአይረን ክኒን ሰጠኝ።

የሚያሳዝነው ከእነዚህ ምክንያቶች አብዛኞቹ ለየብቻቸው ሲመዘኑ ትክክል መሆናቸው ነው። ታኅሣሥ በእርግጥ ብርድ ነው። የወለደች ሴት ፀጉር ከ3ኛውና ከ4ኛው ወር ጀምሮ በርከት ብሎ መርገፉ ጤናማ ነገር ነው። ሕፃን ያላት እናት እንቅልፍ አይኖራትም፤ ደም ማነስም ነበረብኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኔ ግን አንዱንም ሳልደብቅ ለእናቴም ለባለቤቴም ለጎረቤትም ነግሬ ነበር። እያንዳንዷ የሕመም ምልክት በተነገረች ቁጥር የሚያጽናና መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ስለነበር፣ ምልክቶቹን በአንድነት ሰብስቦ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ወቅት ለምን መጣ ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። መልሶቹ የመጡት ከፍቅር ነው፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነበር፤ ስለዚህ በማንም ላይ ማሳበብ አልሻም።

ሌላም ጉዳይ አለ። በጎጃም ደጋ የታይሮይድ ሕመም አዲስ ነገር አይደለም። አያቴ አንገቷን ዙሪያ የተነቀሰችው ንቅሳት ነበራት፤ ከፊሉ ለጌጥ፣ ከፊሉ ደግሞ እንቅርቷን ይመልስልኛል ብላ ያስነቀሰችው ነው። ዘመናት የታጠበው የደጋ አፈር ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራበት አዮዲን ስለሚያንሰው በእርሻው ላይ የሚበቅለውም እህል እንዲሁ አዮዲን ያንሰዋል፤ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስለዚህ የታይሮይድ ሕመም ሲባል ሁላችንም የምናስበው ከሩቅ የሚታይ የአንገት እብጠት ነው። መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን፤ የእኔ አንገት ግን እንደ ወትሮው ነበር። ዕጢው ሳያብጥ ሊደክም እንደሚችል በዙሪያዬ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሲስተሯ የጠየቀችኝ

በግንቦት ልጄ ዘጠኝ ወር ሞላትና ለኩፍኝ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ክረምቱ ሳይገባ በፊት ያለው ሙቀት በማርቆስ እንኳ የሚሰማበት ሰሞን ነበር። በጥላው ሥር ተራ የሚጠብቁት እናቶች ነጠላቸውን አውርደው ሲያራግቡ እኔ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሲስተሯ ካርዱን ተቀብላ ልጅቷን መዘነች፣ ክብደቷን መዘገበች፣ የልጅቷን ስም ጠየቀችኝ። ስሟን ተናገርኩ። ሲስተሯም ብዕሩን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና «እናት፣ ድምፅሽ ድሮም እንዲህ ነው?» አለችኝ።

በዚያች ጥያቄ ፊት መልስ አጣሁ። መምህርት ነኝ፤ መተዳደሪያዬ ድምፄ ነው። ጎርነን ማለቱን፣ ቃል ሳወጣ መጎተቴን የምሰማው እኔው ሆኜ ሳለሁ፣ የመጣው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ስለነበር የቀድሞ ድምፄን ለማስታወስ መሞከር ነበረብኝ። ባለቤቴም እናቴም በየቀኑ ይሰሙኝ ስለነበር ለውጡ አልተገለጠላቸውም። ሲስተሯ ግን ከዚያ በፊት በመጣሁ ጊዜ፣ በ14ኛው ሳምንት ክትባት ላይ፣ እያወራሁ እየሳቅሁ አይታኛለች። «ዛሬ ይበርድሻል እንዴ?» አለችኝ ጋቢዬን እያየች። ከዚያም ስለ ሆዴ፣ ስለ ወተቴ፣ ስለ ፀጉሬ፣ በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ልቅሶዬ ጠየቀችኝ። እጄን ይዛ ሰዓቷን እያየች የልብ ምቴን ቆጠረች፤ ዘገምተኛ ነበር። ልጅቷን ከትባ ካበቃች በኋላ «ልጅሽ ደህና ናት። አንቺ ግን ዛሬ ሐኪም ሳያይሽ አትሄጂም» አለችኝ።

ስለዚያች ቅጽበት ብዙ አስቤአለሁ። ሲስተሯ የተለየ መሣሪያ አልነበራትም። ያደረገችው ለሌላ ሰው የተቆረጠውን ካርድ ይዛ ሳለች እናቲቱን ማየት ነው። ነገሩን ከክትትሉ ሥርዓት አንጻር ስንመለከተው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ለወለደች ሴት የሚመከረው ምርመራ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በ3ኛው ቀን ገደማ፣ በ2ኛው ሳምንት ውስጥና በ6ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የእናት ክትትል ይዘጋል፤ የሚጠራው ልጅ ብቻ ነው። የልጅ ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጥና ቀጣዩ ትልቅ ቀጠሮ 9ኛው ወር ነው፤ በመካከሉ በ6ኛው ወር የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም የልጅ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን የሚያንስበት ምዕራፍ የሚወድቀው እንግዲህ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ወር፣ እናቲቱን የሚያይ ባለሙያ በሌለበት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የአራስ ቤቱም እንክብካቤ በሰማንያ ቀን ያበቃል። አራስን የመንከባከብ ባህላችንን እወደዋለሁ፣ ያለ እርሱም ያን ጊዜ ባልተሻገርኩ ነበር፤ ነገር ግን ገንፎው ቆሞ፣ ጠያቂው ተመልሶ፣ ፈቃዱ አልቆ ሴቲቱ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው የዚህ ሕመም ሁለተኛው ምዕራፍ የሚነሣው።

የላብራቶሪው ወረቀት

ሐኪሙ ያዘዘልኝ ቲ ኤስ ኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ነው። ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ ሲሆን ሥራው ታይሮይድን እንዲሠራ ማዘዝ ነው። ታይሮይድ ሲደክምና መልስ ሲያጣ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ ያልተሰማ ሰው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ያ ዕጢ ትእዛዙን ያበዛል፤ ስለዚህ የታይሮይድ ማነስ የሚታወቀው በቲ ኤስ ኤች ከፍ ማለት ነው። ጤናማው ልክ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። ደሜ ወደ ባሕር ዳር ተልኮ የመጣው ውጤት ከ40 በላይ ነበር፤ ዋናው የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቲ 4 የሚባለው፣ ከልኩ በታች ወርዷል።

ሐኪሙ ውጤቱን ከማየቱ በፊት የጠየቀኝን አንድ ጥያቄ እዚህ ማስፈር እወዳለሁ፣ ለገጠር እህቶቼ ይጠቅማልና። «ስትወልጂ ብዙ ደም ፈስሶሽ ነበር? ወተትሽስ ከመጀመሪያው መጥቶ ነበር?» አለኝ። በወሊድ ጊዜ ከባድ የደም መፍሰስ የደረሰባት ሴት ያ ከአንጎል ሥር ያለው ዕጢ ራሱ ሊጎዳባት ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ወተት ከመነሻው ሊቀር፣ የወር አበባም ሊጠፋ ይችላል፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ዕጢ ስለተጎዳም ቲ ኤስ ኤች ከፍ አይልም፣ ታይሮይዱ ግን ያንሳል። በቲ ኤስ ኤች ብቻ «ደህና ነሽ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች ማለት ነው። በቤት የወለደችና ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ይህን ለሐኪሟ ሳትጠየቅም ብትናገር መልካም ነው።

ስለ ልቅሶውም ጠየቅሁት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ራሱን የቻለ ሕመም እንደሆነ፣ የታይሮይድ ማነስም ድብርትን እንደሚያመጣ፣ ሁለቱ አንድ ሴት ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ፣ አንዱ ተገኘ ተብሎ ሌላው መታለፍ እንደሌለበት አስረዳኝ። የእኔው ሆርሞኑ ሲስተካከል ቀስ እያለ ለቀቀኝ።

ክኒኑ፣ ቡናውና ቁርባኑ

የታዘዘልኝ ሌቮታይሮክሲን ነው፤ ዕጢው መሥራት ያቃተውን ያንኑ ቲ 4 የሚተካ ትንሽ ክኒን። ለምታጠባ እናት አይከለከልም። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰዳል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ነገር ግን ቡና ክኒኑ በአንጀት በኩል በወጉ እንዳይገባ ያደርጋል፤ የአይረንና የካልሲየም ክኒን ደግሞ ከርሱ ቢያንስ በ4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ በእጄ ያለውን አይረን ሲያይ አንዱን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት በኋላ እንድወስድ ለይቶ ጻፈልኝ፤ አይረንና ሌቮታይሮክሲን አብረው ስለሚታዘዙ ይህን የምታነብ እናት ልብ ትበል።

በቤታችን ቡና የሚፈላው ጎሕ ሲቀድ ነው። እናቴ አቦሉን ይዛ ስትቆም እምቢ ማለት ከባድ ነበር፣ እሷም ተቀየመች። ከዚያ ነገሩን በራሷ አስታረቀችው፤ ክኒኔን ስውጥ አይታ ረከቦቱን ዘግየት ብላ ማቅረብ ጀመረች፣ እኔም አቦሉን አልፌ ቶናውን እጠጣለሁ። በሽታውን ሸፍኖት የነበረው የቤታችን ልማድ መድኃኒቱን ሲሸከም ያየሁት ያኔ ነው፤ ለካስ ልማዱ ጠላቴ አልነበረም፣ የነገረው ሰው አጥቶ ነው እንጂ።

ከቡናው ይልቅ ያስጨነቀኝ ቁርባን ነው። ልጄን በየጊዜው አቆርባለሁ፤ እኔም ከባለቤቴ ጋር ቆራቢ ነኝ፤ ቅዳሴ ያለበት ቀን ደግሞ ውኃም ቢሆን አይቀመስም። የንስሐ አባታችንን ሳማክራቸው ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ መድኃኒቱን መተው አይደለም መልሱ። ማታ መውሰድ ይቻል እንደሆን ሐኪሙን ጠይቂው» አሉኝ። ሐኪሙም ይቻላል አለ፤ ከእራት በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መውሰድ ከጠዋቱ የማያንስ ውጤት እንዳለው ነገረኝ። እራታችንን ማታ በ1 ሰዓት በልተን በ4 ሰዓት እውጣለሁ፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት ያልቃል። በዐቢይ ጾምም የሚያስቸግረኝ ነገር የለም። ጥያቄውን ካህኑና ሐኪሙ በመካከላቸው ባይቀባበሉት ኖሮ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ከሁለቱ አንዱን ለመተው እገደድ ነበር ብዬ አስባለሁ።

መጠኑ የሚስተካከለው በግምት አይደለም። በየለውጡ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጠብቆ ቲ ኤስ ኤች እንደገና ይለካል፤ ክኒኑ በደም ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት ከዚያ በፊት የሚደረግ ምርመራ ያሳስታል። ይኸው ጠባዩ በአንድ በኩል ያጽናናል፤ አንድ ቀን መርሳት ሰው አይጥልም። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ቤቱ ባዶ በሆነባቸው ሳምንታት ይህን ማወቄ ከድንጋጤ አድኖኛል፤ ሆኖም ለሳምንታት መቋረጡ ሕመሙን እንደሚመልሰው ስለማውቅ ዛሬ ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ ከሙቀትና ከብርሃን ርቆ በቤቴ ይቀመጣል። ቶሎ ይሻለኝ ብሎ መጠን መጨመርም ልብን ያስመታል፣ ሲቆይም አጥንትን ያሳሳል።

ጨው አብዢ ያሉኝም አሉ። የእኔ ዕጢ የደከመው አዮዲን አጥቶ ሳይሆን በራሱ ሰውነት ተጠቅቶ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሕመም ከልክ ያለፈ አዮዲን ሊያባብሰው ይችላል። ለቤቱ ግን አዮዲን ያለውን ጨው እገዛለሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእሳት አርቄ አኖረዋለሁ፤ የልጄ አእምሮ ያስፈልገዋልና። 

እናቴን ያስፈራት ክኒኑ «የዕድሜ ልክ» ሊሆን ይችላል የሚለው ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 በእንግሊዝ አገር ጆርጅ መሪ የተባለ ሐኪም በዚህ ሕመም ለተያዘች ሴት ከበግ ታይሮይድ ያዘጋጀውን ጭማቂ በመርፌ ሰጥቷት እንደዳነች፣ መድኃኒቱንም ሳታቋርጥ እስከ 1919 እንደኖረች ነገርኳት። «ከበግ?» አለችና ጥቂት አስባ «እንግዲያው የጎደለውን መሙላት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ «ዋጥሽ?» እያለች የምታስታውሰኝ እሷ ናት።

ከአንድ ዓመት በኋላ

ከወሊድ በኋላ ታይሮይዳቸው ከተቆጣባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይድናሉ፤ ለዚህ ነው ሐኪሙ ልጄ ዓመት ካለፋት በኋላ መጠኑን ቀንሶ የሞከረው። የእኔ ቲ ኤስ ኤች ተመልሶ ወጣ። በደሜም ዕጢውን የሚያጠቁት ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት ተገኙ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1912 ሃሺሞቶ ሃካሩ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሕመም መሆኑን፣ ክኒኑም አብሮኝ እንደሚቆይ ተነገረኝ። አዝኛለሁ፤ ግን ለቀናት ብቻ። ድምፄ ተመልሷል፤ ግንቦትም ይሞቀኛል።

ሌላ ልጅ እንፈልጋለን። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለማይችል የሚጠቀመው በእናቱ ነው፤ ስለዚህ ከማርገዜ በፊት ቲ ኤስ ኤቼ መስተካከሉን ማረጋገጥ፣ እርግዝናው እንደታወቀም ሳልዘገይ ሐኪሜን ማየት አለብኝ፤ መጠኑ ያኔውኑ ከ25 እስከ 30 በመቶ መጨመር ያስፈልገዋል። ይህ በካርዴ ላይ ተጽፎልኛል።

የወንድሜ ሚስት በብቸና ከወለደች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ስለ ሕፃኑ ከመጠየቄ በፊት ስለ ራሷ ጠየቅኋት፤ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሆዷ፣ ስለ ወተቷ። «እታለም፣ ድካም ነው እንጂ ምንም የለብኝ» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታም ከጥር ጀምሮ ካልሲ ሳታደርግ ተኝታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ማርቆስ መጥታ ደሟን ትሰጣለች፤ ወንድሜ ልጁን ይዞ አብሯት ይመጣል።